ፕሪንት «2017» ይላል፣ ሉፑ ግን አይቆምም፤ ቀይዋ ነጥብም አታቆመውም

የሌሊት ወፍ · ሰኞ፣ ከሌሊቱ 6፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ቀን ታግዬ አቃተኝ፣ እርዱኝ።

ለአንድ አነስተኛ የቁጠባና ብድር ማኅበር የቅጣት ማስሊያ እየሠራሁ ነው። በፓይተን ቋንቋ ነው፣ የምጽፈው ቪኤስ ኮድ በሚባለው የኮድ መጻፊያ ላይ። ሥራው ቀላል ነው። ቀላል ይመስለኝ ነበር ልበል። አባሉ መክፈል የነበረበት ቀን አለ፣ የከፈለበት ቀን አለ። በመካከላቸው ስንት ቀን እንዳለፈ ቆጥሮ ቅጣቱን ያወጣል። ቀኑ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

አባላቱ 1,140 ናቸው። ለአብዛኞቹ ይሠራል። አንዳንዱ ጋ ሲደርስ ግን ቀጥ ይላል። ኤረር የለም። ተርሚናሉ ዝም፣ የላፕቶፑ ፋን ብቻ ይጮኻል። ለምሳሌ አንዱ ሰው መክፈል የነበረበት ነሐሴ 25 ቀን 2016 ነው። የከፈለው መስከረም 4 ቀን 2017። እሱ ጋ ሲደርስ በቃ፣ አለቀ።

ፋንክሽኑ እንዲህ ነው። ከመክፈያው ቀን ተነስቶ በሉፕ (በሚደጋገም ትእዛዝ) አንድ አንድ ቀን ይጨምራል። የተከፈለበት ቀን ላይ ሲደርስ ይቆማል። ቀኑ ከወሩ ርዝመት ሲያልፍ ወሩን ያሳድጋል። ወሩ ከ13 ሲያልፍ ወደ መስከረም ይመልስና ዓመቱ ላይ አንድ ይደምራል።

ዓመቱ የሚቀየርበት ቦታ ላይ ፕሪንት (እሴቱን ተርሚናሉ ላይ የሚጽፍ ትእዛዝ) አስገባሁ። ተርሚናሉ በ«2017» ተጥለቀለቀ። ግን እኮ ቁጥሩ ትክክል ነው! ከ2016 በኋላ 2017 ነው። ታዲያ ለምን አይቆምም?

አንድ ጓደኛዬ «ብሬክፖይንት አድርግበት» አለኝ፣ ፕሮግራሙ እዚያ መስመር ላይ እንዲቆም። ከመስመር ቁጥሩ በስተግራ ክሊክ ሳደርግ ቀይ ነጥብ መጣች። አስነሳሁት። እንዳላያት አልፏት ሄደ። «ኤፍ 11 ንካ» አለኝ። ነካሁ። ስክሪኑ ሙሉ ሆነ፣ ሌላ ምንም። ጓደኛዬም ተኛ።

---

ቡና በጨው · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ወንድሜ፣ ያስነሳኸው በየት በኩል ነው? ከላይ በስተቀኝ ባለችው ሦስት ማዕዘን ከሆነ እሷ ፕሮግራሙን ተርሚናል ውስጥ ለቅቃ ዘወር ትላለች። ዲበገሩ፣ ማለት ፕሮግራሙን እያቆመ ውስጡን የሚያሳይህ መሣሪያ፣ አብሮ አልተነሳም። እሱ ከሌለ ቀይዋ ነጥብ ጌጥ ናት።

ኤፍ 5 ን ንካ። ወይም ከሦስት ማዕዘኗ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቀስት ክፈትና ዲበግ የሚለውን ምረጥ። ሲቆምልህ ያ መስመር ቢጫ ይሆናል፣ ከላይ ደግሞ ትናንሽ ምልክቶች ያሉበት ተንሳፋፊ አሞሌ ይመጣል። እሱን ካላየህ ዲበግ እያደረግህ አይደለም።

ኤፍ 11 ስክሪንህን የሞላውም ለዚህ ነው። ቪኤስ ኮድ ላይ ዲበገር ሳይኖር ኤፍ 11 ስክሪን መሙያ ነው። ዲበገር ሲኖር ወደ ፋንክሽን ውስጥ መግቢያ ይሆናል። አንድ ቁልፍ፣ ሁለት ሥራ። እኔም በዚህ ተሸውጄ አውቃለሁ።

ላፕቶፕህ ድምፅ ወይም መብራት ከቀነሰ ደግሞ ኤፍኤን የምትለዋን አብረህ ያዝ።

---

ፕሪንት ይሻለኛል · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡50

ይህ ሁሉ ለምን? ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሦስቱንም አንድ መስመር ላይ ፕሪንት አድርግ። ደግሞ 2017 ተደጋግሞ መምጣቱ ራሱ ነገር አለው። አንድ ሰው አዲስ ዓመትን አንዴ ነው የሚያከብረው። ያንተ ሉፕ ግን እየደጋገመ እያከበረ ነው።

---

የሌሊት ወፍ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

@ቡና በጨው እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፣ ቆመ! ሦስት ማዕዘኗ ነበረች።

አሁን ደግሞ ሌላ ችግር። ሉፑ መጀመሪያ ላይ ነው ነጥቧን ያስቀመጥኩት። የመጀመሪያው አባል፣ የመጀመሪያው ቀን ላይ ቆመ። ኤፍ 5 ስነካ ሁለተኛው ቀን ላይ ቆመ። ደግሞ ነካሁ፣ ሦስተኛው ላይ። የሚያስቸግረኝ ሰውዬ 812ኛ ነው። ጣቴ ያልቃል።

@ፕሪንት ይሻለኛል መደጋገሙን ያልከው ገብቶኛል። ግን ለምን እንደሚደጋገም አልገባኝም።

---

ቡና በጨው · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

በየዙሩ እንድትቆም ማን አዘዛት? ቅድመ ሁኔታ ስጣት።

ቀይዋ ነጥብ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርግ። ማስተካከያውን ስትመርጥ ከመስመሩ ሥር ጠባብ ሳጥን ይከፈታል። እዚያ ውስጥ መቼ እንድትቆም እንደምትፈልግ በፓይተን ጻፍ። ያንተ ቫሪያብሎች (እሴት የያዙት ስሞች) ምን ይባላሉ? «ወር» ብለህ ከሆነ የሰየምከው እንዲህ ነው፦

ወር == 13

ጳጉሜ እስኪመጣ ድረስ ዝም ብላ ታሳልፋለች። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከፈለግህ ደግሞ፦

(ወር, ቀን) == (13, 5)

ከቁልፎቹ ሦስት ይበቁሃል። ኤፍ 10 የቆምክበትን መስመር ሠርቶ ቀጣዩ ላይ ይቆማል። መስመሩ ሌላ ፋንክሽን ቢጠራም ውስጡ አይገባም። ኤፍ 11 ይገባል። ገብተህ ከሰለቸህ ሺፍትን ይዘህ ኤፍ 11 ስትነካ ያስወጣሃል።

አንድ ልብ በል። ቢጫው መስመር *ገና ያልተሠራ* መስመር ነው። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ይሳሳታል። «እሴቱ አልተቀየረም!» ይላል። አልተቀየረም፣ ምክንያቱም መስመሩ ተራውን እየጠበቀ ነው። ኤፍ 10 ን ነክተህ ነው የምታየው።

ላንተ ጉዳይ ደግሞ ነጥብ ባታስቀምጥም ይሆናል። በኤፍ 5 አስነሳው፣ ቀጥ እስኪል ጠብቅ፣ ከዚያ አሞሌው ላይ ያለችውን የማቆሚያ ምልክት (ሁለት ቋሚ መስመሮች) ንካ። ያለበት ቦታ ላይ ይያዛል። ሌባን እጅ ከፍንጅ እንደመያዝ ነው።

ግን እውነት ቫሪያብሎችህ በአማርኛ ናቸው?

---

ዜሮ ኢንዴክስ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20

ሁለቱን እኩል ምልክት አደራ። ፓይተን ላይ ሳጥኑ ውስጥ አንድ ብቻ ብትጽፍ ስህተት ነው ይልሃል እንጂ አይጎዳህም። እኛ ጃቫስክሪፕት የምንጽፍ ሰዎች ግን ወዮልን። አንድ እኩል ከጻፍክ ማነጻጸሩ ቀርቶ እሴት መስጠት ይሆናል። ብሬክፖይንቷ ራሷ ወሩን 13 ታደርገዋለች፣ ከዚያም በየዙሩ ትቆማለች። አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ባጉን (ስህተቱን) የፈጠርኩት ራሴ መሆኔን ሳላውቅ ስፈልግ ውያለሁ።

---

የሌሊት ወፍ · ሰኞ፣ ከሌሊቱ 5፡55

አገኘሁት!! ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። ቁጭ ብዬ ልንገራችሁ።

አዎ፣ ቫሪያብሎቼ በአማርኛ ናቸው። ፓይተን ሦስት ይፈቅዳል። የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስሌቱን ታያለች፣ እንድታነበው ብዬ ነው።

መጀመሪያ በማቆሚያዋ ያዝኩት። ቀኑ የካቲት 11 ላይ ነበር። የካቲት? ይህ ሰው የከፈለው እኮ መስከረም ላይ ነው! አልፎት ሄዷል ማለት ነው። ስለዚህ ዓመት የሚቀየርበት መስመር ላይ ነጥብ አስቀምጬ እንደገና አስነሳሁ። መስመሩ ይህ ነው፦

አመት = ዓመት + 1

ቆመ። ቢጫ ሆነ። በግራ በኩል ያለውን የቫሪያብሎች ዝርዝር አየሁ። «ቀን» 1። «ወር» 1። «ዓመት» 2016። ጥሩ፣ ገና አልተሠራም። ኤፍ 10 ን ነካሁ።

ዝርዝሩ ላይ አዲስ ነገር ተወለደ። «አመት» 2017። ዝቅ ብሎ ደግሞ «ዓመት» 2016።

ሁለት ናቸው። አንዱ በአልፋው አ፣ ሌላው በዓይኑ ዓ። ለእኔ አንድ ቃል ነው። ለፓይተን ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ሉፑ የሚያየው «ዓመት»ን ነው፣ እሱ ደግሞ ዕድሜ ልኩን 2016 ነው። መስከረም 1 ቀን 2016፣ ጳጉሜ፣ ደግሞ መስከረም 1 ቀን 2016። 2017 መቼም አይመጣም።

ያቺ ፕሪንቴስ? የጻፍኳት «አመት» ብዬ ነበር። በአልፋው። ሦስት ቀን ሙሉ የዋሸኝ እሱ ነው። አልዋሸም እንኳን፣ የጠየቅኩትን ነው የመለሰው። የተሳሳተውን ሰው ነበር የጠየቅኩት።

---

ፕሪንት ይሻለኛል · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡40

እሺ፣ ይቺን ተቀበልኩ።

---

ቡና በጨው · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ሳቄ ቡናዬን አስደፋኝ። ግን ከዚህ የባሰም አለ። ፓይላንስ የሚባለው ረዳት ካለህ፣ እሴት ተሰጥቶት ማንም የማያነበውን ቫሪያብል ደብዘዝ አድርጎ ያሳይሃል። «አመት»ን የሚያነበው የለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ደብዝዞ ይታይህ ነበር። ፕሪንቷን ስታስገባ ግን አንባቢ አገኘ፣ መደብዘዙም ቀረ። ማስጠንቀቂያውን ያጠፋኸው በፕሪንትህ ነው!

ዝርዝሩን የምወደው ለዚህ ነው። ፕሪንት የምትጠረጥረውን ብቻ ነው የሚያሳይህ። «አመት» የሚባል ሌላ ሰው ቤት ውስጥ አለ ብለህ እንዴት ትጠረጥራለህ? ዝርዝሩ ግን ሳትጠይቀው ሁሉንም ያሰልፋል።

---

ጋሽ ሲ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡10

ልጆች፣ እኔ ሲ የሚባለው ቋንቋ ሰው ነኝ፣ ፓይተናችሁን ብዙም አላውቅም። ግን ነጥቧ እንዴት እንደምታቆም የጠየቀ የለም። ማንም ሳይጠይቀኝ ልናገር።

ሲ ላይ ዲበገሩ ያደረገው ነገር ተንኮል ነው። እንዲቆም የፈለግህበት ቦታ ላይ ያለውን አንድ ባይት ከሜሞሪ ያነሳና ይደብቀዋል። በምትኩ 204 የሚል ቁጥር ያስገባል። በኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰር ቋንቋ ይህ «ቁም!» ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ እዚያ ሲደርስ ደንግጦ ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ይናገራል፣ እሱም ለዲበገሩ። አንተ ተመልክተህ «ቀጥል» ስትል የተደበቀው ባይት ወደ ቦታው ይመለሳል። ፕሮግራሙ ምንም እንዳልሆነ ይሄዳል። ስለዚህ ቀይ ነጥብ ስታስቀምጡ የፕሮግራሙን ሥጋ እየቆረጣችሁ ነው።

ሌላም ዓይነት አለ። «ይህ መስመር ላይ ቁም» ሳይሆን «ይህን ቫሪያብል ማንም ሲነካው ቁም» የሚባል። ማን እንደሚያበላሸው በማታውቀው ቫሪያብል ላይ ዋጋ አይተመንለትም። እሱን ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው የሚጠብቅልህ፣ ለዚህ የተሰጠውም ቦታ አራት ብቻ ነው። አምስተኛ ከፈለግህ ዲበገሩ በየእርምጃው ማጣራት ይጀምራል፣ ያኔ ቡና አፍልተህ ትመለሳለህ።

ብሬክፖይንት (መስበሪያ ነጥብ) የሚለው ስምም ድሮ ቀልድ አልነበረም። ኢኒያክ የሚባለው ክፍል የሚያህል ኮምፒውተር በፈረንጆች 1946 ለሕዝብ ሲታይ ፕሮግራሙ ሽቦ ነበር። ስድስት ሴቶች ናቸው ያዘጋጁት። ከእነሱ አንዷ ቤቲ ሆልበርተን ብሬክፖይንትን ያመጣች ትባላለች። እንዲቆም የተፈለገበት ቦታ ላይ ሽቦው ይነቀላል፣ ማሽኑ ይቆማል፣ ያለበት ይነበባል።

ለጠያቂው ደግሞ አንድ ሥራ። ባጉን አስተካክለህ ያ ሰውዬ ስንት ቀን ወጣለት? በጣቴ ቆጥሬ አለኝ።

---

ዜሮ ኢንዴክስ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡35

ጋሼ፣ ፓይተንስ ላይም ሥጋ ይቆረጣል?

---

ጋሽ ሲ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡00

ጠይቄ መጣሁ፣ ልጄ ፓይተን ነው የሚሠራው። እዚያ ኮዱን የሚያስኬደው አስተርጓሚ አለ። ሲለመድ የቆየው መንገድ በየመስመሩ ዲበገሩን «እዚህ ልቁም?» እያለ መጠየቅ ነበር። ለዚህ ነው ዲበገር ሲኖር ፕሮግራሙ የሚንቀራፈፈው። ከፓይተን 3.12 ጀምሮ ቀለል ያለ መንገድ ገብቷል አለኝ። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ።

---

የሌሊት ወፍ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሁሉንም «ዓመት» አደረግኩት። ሉፑ ቆመ፣ 1,140ውም አለፉ። ለሰውዬው 15 ቀን ወጣለት። ጋሼ፣ እርስዎስ ስንት አገኙ?

---

ጋሽ ሲ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡45

14። ከነሐሴ 25 እስከ 30 አምስት። ጳጉሜ አምስት። መስከረም አራት። በቃ።

---

የሌሊት ወፍ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ። ይህ ሳይታወቅ ቢወጣ ሰው ያልኖረበትን አንድ ቀን ቅጣት ይከፍል ነበር።

በቡና በጨው ዘዴ ሄድኩ። ሉፑ መጀመሪያ ላይ ነጥብ፣ ቅድመ ሁኔታው (ወር, ቀን) == (13, 6)። መቆም የለበትም፣ ምክንያቱም ጳጉሜ 2016 አምስት ቀን ነበረች።

ቆመ። ዓመት 2016፣ ወር 13፣ ቀን 6። በካላንደር ላይ የሌለ ቀን ውስጥ ቆሜ እያየሁ ነው። ያስፈራል።

ከዚያ ከታች ያለውን የዲበግ ኮንሶል ከፍቼ «ዓመት % 4» (ለአራት ሲካፈል የሚተርፈው) ብዬ ጻፍኩ። 0 አለኝ። ያኔ ገባኝ። ጳጉሜ መቼ ስድስት እንደምትሆን የጻፍኩት በፈረንጅ ልማድ ነው። ለአራት ተካፍሎ ምንም ካልተረፈ ብዬ። የእኛ ግን ሦስት ሲተርፍ ነው። 2015 ስድስት ነበረች፣ ቀጥላ ደግሞ 2019። ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ እኮ። ኮድ ስጽፍ አእምሮዬ ወደ ፌብሩዋሪ ሄደ።

0 ን 3 አደረግኩ። አሁን 14 ይላል።

---

ቡና በጨው · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡45

ያ ኮንሶል ወርቅ ነው። ፕሮግራሙ ቆሞ እያለ ማንኛውንም ነገር ትጠይቀዋለህ። በየማቆሚያው እንዲታይህ ከፈለግህ ደግሞ «ዓመት % 4»ን ክትትል የሚደረግባቸው ዝርዝር ውስጥ ጨምረው፣ በየደረስክበት ራሱ ያሰላዋል። ብቻ እሴት የሚቀይር ነገር እዚያ ውስጥ አትጻፍ።

---

ፕሪንት ይሻለኛል · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ደስ ብሎኛል፣ ግን ሁላችሁም ነጥብ እየረጫችሁ እንዳትሄዱ አንድ ላውራ።

ባለፈው ዓመት የክፍያ መቀበያ እየሠራን ነበር። ክፍያ ሲፈጸም ከወዲያ ያለው ሲስተም ለእኛ ሰርቨር መልእክት ይልካል፣ እኛ «ደረሰ» ብለን እንመልሳለን። የመሞከሪያው ሰርቨር ላይ ዲበገር አያይዤ መልእክቱ የሚገባበት መስመር ላይ ቀይ ነጥብ አስቀመጥኩ። ቆመ። ዝርዝሩን እያየሁ ስልክ ተደወለልኝ፣ አነሳሁ። ከወዲያ ያለው ሲስተም ግን ስልክ እያወራሁ መሆኑን አያውቅም። መልስ ሲያጣ ደግሞ ላከ። ደግሞም ላከ። ስመለስ «ቀጥል» አልኩ። አንድ ክፍያ ሦስት ጊዜ ተመዘገበ። የመሞከሪያ ገንዘብ መሆኑ ነው ያተረፈኝ።

ፕሪንት ማንንም አያስጠብቅም። ፕሮግራም ስታቆም ዓለም አብሮህ አይቆምም።

---

ቡና በጨው · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡40

ልክ ነህ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ አላቆምም። ግን ለዚያም መፍትሔ አለው። ነጥቧን ስታስተካክል ከቅድመ ሁኔታ ይልቅ መልእክት መጻፍ የሚል ምርጫ አለ። ያኔ ክቧ ነጥብ ዳይመንድ ቅርጽ ትሆናለች። አታቆምም፣ አልፋ ስትሄድ መልእክቱን ኮንሶሉ ላይ ትጥላለች። የቫሪያብል ስም በጠማማ ቅንፍ ውስጥ ካስገባህ እሴቱን ትጽፍልሃለች። ማለት ያንተው ፕሪንት ነው፣ ኮዱን ሳትነካ። ረስተኸው ወደ ዋናው ኮድ አይገባም።

መርሳት ስል ደግሞ፣ ፓይተን ከ3.7 ጀምሮ ኮድ ውስጥ በጽሑፍ የምትጠራው የብሬክፖይንት ፋንክሽን አለው። ጥሩ ነው፣ ያለ ቪኤስ ኮድም ይሠራል። እኛ ቤት አንዱ ረስቶት ወጣ። ከዚያ ተርሚናል ላይ የተነሳው ፕሮግራም ያቺ መስመር ላይ ቆሞ ትእዛዝ ሲጠብቅ አደረ። ተጠቃሚው ገጹ ሲዞር ነው የሚያየው። ቀይ ነጥብ አንተ ኮምፒውተር ላይ ትቀራለች፣ ያ ግን ከኮዱ ጋር ይጓዛል።

---

ፕሪንት ይሻለኛል · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡55

ዳይመንዷን እሞክራታለሁ። ስሜን ግን አልቀይርም።

---

የሌሊት ወፍ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡30

ሒሳብ ሠራተኛዋ ዛሬ መጥታ ከወረቀት መዝገቧ ጋር አንድ በአንድ አመሳከረች። ገጠመ። ስለ ሁለቱ ዓመቶች ስነግራት ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ፊደሉን ዝም ብለህ ትጽፋለህ፣ እኔ መጀመሪያ ቀን ነው ያየሁት፣ ስድብ እንዳይመስልህ ብዬ ዝም አልኩ።»

---

ዜሮ ኢንዴክስ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡15

እኔ ይህን ክር ሳነብ ሆዴ ተረበሸ። የእኛ ሲስተም መረጃውን የሚያከማቸው በአማርኛ ቁልፎች ነው፣ ጃቫስክሪፕት ደግሞ የሌለ ቁልፍ ስትጠይቀው እንኳን አያጉረመርምም። ሄጄ «ሠራተኛ» ብዬ ፈለግኩ። 41 ቦታ መጣ። «ሰራተኛ» ብዬ ፈለግኩ።

3 ቦታ።

ማታ እመለሳለሁ።